ከአዲስ ዓለም እስከ አምቦ፦ ዝርዝሩ ያልወጣለት አንቀጽ

በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ልትተው ተቃርባ ነበር። የእንጦጦና የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ስላለቀ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ለማዛወር አሰቡና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር። ቦታውንም አዲስ ዓለም አሉት። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አድጎ የማገዶውን ችግር አቃለለ፤ መናገሻውም ባለበት ጸና። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት ያስጠረጉት መንገድ ግን ሥራ አልፈታም። ኋላ በጊንጪ በኩል ወደ አምቦና ጉደር፣ ከዚያም አልፎ ወደ ወለጋ ዘለቀ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ የተጻፉ አገር የሚቀይሩ ሕጎች በዚህ መንገድ ዳር ተፈትነዋል። አንዳንዶቹም የተሻሩት እዚሁ መንገድ ዳር በተነሣ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ሲታወጅ 55 አንቀጾች ነበሩት። የምክር ቤት አባላቱን የሚመርጥ ሕዝብ አልነበረም፤ ለአምቦ አካባቢው ለጀባትና ሜጫ ገበሬም የለወጠለት ነገር እምብዛም ነው። ገበሬው ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ እየሰፈረ በጭሰኝነቱ ቀጠለ። ሕገ መንግሥቱ አምስት ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ከጊንጪ ብዙም ሳይርቅ በደንዲ የተወለዱት ጃገማ ኬሎ ያኔ በ15 ዓመታቸው ጫካ ገቡ። ከድል በኋላ ወታደር ቤት ቆይተው እስከ ሌተና ጄኔራልነት የደረሱት እኚህ አርበኛ በ2009 እስኪያርፉ ድረስ «የበጋው መብረቅ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር።

ከነጻነት በኋላ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ በፍል ውኃዋና በማዕድን ውኃዋ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ቤቷም ታወቀች። የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ታሪኩን የሚጀምረው በ1939 ከተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። በከተማዋ አቅራቢያ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በሥነ ጽሑፍ ከመግነኑ በፊት ሕግ ተማሪ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ቺካጎ ከሚገኘው የብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ተመርቋል።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሕግ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በተማሪዎች በኩል ብቻ አልነበረም። ጥቅምት 24 ቀን 1948 የታወጀውን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ካረቀቁት አንዱ አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ነበር። የስልጣኑ ምንጭ አሁንም ዘውዱ ነው፤ የመብት አንቀጾቹ ግን የፊላዴልፊያ ሽታ አላቸው። ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ማንም ሰው ሕይወቱን፣ ነጻነቱንና ንብረቱን እንዳያጣ የሚከለክለው ድንጋጌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1791 ከጸደቀው የአሜሪካ አምስተኛ ማሻሻያና በ1868 ከተከተለው አሥራ አራተኛ ማሻሻያ የተቀዳ ነው። ያለ መሣሪያ በሰላም የመሰብሰብና ማኅበር የማቋቋም መብትም ተጻፈ። በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከተለ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ማኅበር እንዴት እንደሚመሠረት፣ እንዴት እንደሚመራና እንዴት እንደሚፈርስ በዝርዝር ደነገገ።

ሕጉን ከልባቸው የወሰዱ ሰዎች ተገኙ። በጥር 1955 ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳና ጓደኞቻቸው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን መሠረቱ። ስሙ የሁለት ታላላቅ የኦሮሞ ጎሣዎች ስም ነው፤ የአምቦና የአካባቢዋ ሕዝብ ከሜጫ ወገን ይቆጠራል። ማኅበሩ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለመሥራት መዋጮ የሚሰበስብ፣ በሕግ የተመዘገበ ድርጅት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጄኔራል ታደሰ ብሩ ተቀላቀሉት። ታደሰ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥ የነበሩ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ከፊት የተሰለፉ ሰው ናቸው። በ1954 ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስድ ካገኛቸው መኮንኖች አንዱም እሳቸው ነበሩ።

ማኅበሩ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አርሲ ኢተያ ላይ በ1958 የጠራው ስብሰባ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲሰበስብ ቤተ መንግሥቱ ነገሩን በሌላ ዓይን ያየው ጀመር። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት 23 ቀን፣ በዘውድ በዓል ዕለት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ ቤት ፈንጂ ፈነዳ። የማኅበሩ መሪዎች ተይዘው ተከሰሱ። ከመሪዎቹ አንዱ ኃይለ ማርያም ገመዳ በእስር ከደረሰባቸው ስቃይ በኋላ ሞቱ። ጄኔራል ታደሰና መቶ አለቃ ማሞ መዘምር ሞት ተፈረደባቸው፤ የጄኔራሉ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፣ ማሞ ተሰቀለ። ማኅበሩም ታገደ። የመደራጀት መብት ከታወጀ ገና አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።

የ1966ቱ አብዮት ጄኔራል ታደሰን ከእስር አወጣቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ደግሞ ደርግ አዋጅ ቁጥር 31ን አወጀ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ሆነ፣ ጭሰኝነት ቀረ፣ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በአምቦ መንገድ ዳር ለሚያርሰው ገበሬ እስከዚያ ቀን ድረስ ከወጡት ሕጎች ሁሉ ኑሮውን በእጅ በሚጨበጥ ሁኔታ የቀየረው ይህ ነው። በቀጣዩ መጋቢት ግን በደርጉ ላይ ሸፍተው የተያዙት ጄኔራል ታደሰ ብሩና ኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ተገደሉ። አዲሱ መንግሥት መሬቱን ሰጠ፤ ስለ አስተዳደሩ የሚጠይቀውን ግን እንደ ቀደመው መንግሥት አልታገሠም። ከአምቦ አካባቢ ቶኬ ኩታዬ የተወለዱት፣ ኋላ የፖለቲካ ሳይንስ መምህርና የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ የሆኑት መረራ ጉዲናም በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት ታስረዋል።

ደርግ በግንቦት 1983 ወደቀ። የሽግግሩ ጊዜ አልፎ ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ፣ ነሐሴ 15 ቀን በሥራ ላይ ዋለ። አገሪቱ ፌዴራላዊ ሆነች። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ፣ የማይሸጥ የማይለወጥም መሆኑን አጸና። ለአምቦ መንገድ ከሁሉ የከበደው ግን አንቀጽ 49 ነበር። አንቀጹ አዲስ አበባን የፌዴራሉ መንግሥት ዋና ከተማ ያደርጋል፤ ነዋሪዎቿ ራሳቸውን በራሳቸው እንደሚያስተዳድሩ፣ አስተዳደሯም ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት እንደሚሆን ይናገራል። ንዑስ አንቀጽ 5 ሲደርስ ከተማዋ በኦሮሚያ መሐል በመገኘቷ ክልሉ በማኅበራዊ አገልግሎት፣ በተፈጥሮ ሀብትና በጋራ አስተዳደራዊ ጉዳዮች ልዩ ጥቅሙ እንደሚጠበቅለት ይደነግግና ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ብሎ ያበቃል።

ፌዴራላዊ አገሮች ዋና ከተማቸውን የት እንደሚያኖሩ መወሰን ሁልጊዜ ይቸገራሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1783 ደመወዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ፊላዴልፊያ ላይ የአሜሪካን ኮንግረስ ሲከቡ የፔንሲልቬኒያ ክልል ጦሩን አዝምቶ ሊያድነው አልፈለገም። ስለዚህ ከአራት ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ሰዎች የመንግሥቱ መቀመጫ ከየትኛውም ክልል ሥልጣን ውጭ እንዲሆን ወሰኑ፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም ለዋሽንግተን መሬት ለቀቁ። ቨርጂኒያ የለቀቀችው በ1846 ተመልሶላታል። የዋሽንግተን ነዋሪ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ እስከ 1961 መጠበቅ ነበረበት፤ ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ እንደራሴ ዛሬም የለውም። አሜሪካውያን ዋጋ ከፍለውም ቢሆን የመሬቱን ባለቤትነት ገና ከጅምሩ ዘግተውታል። የኢትዮጵያው ሕገ መንግሥት ጥያቄውን ኋላ ለሚወጣ ሕግ አሳደረው።

ሕጉ ሳይወጣ ጥያቄው በሌላ በኩል መጣ። በ1992 የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫው ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ። በ1996 ውሳኔውን የተቃወሙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከትምህርት ተባረሩ፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ ዳግም የተቋቋመው ሜጫና ቱለማ ማኅበርም መሪዎቹ ታስረው ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት፣ የግንቦት 1997 ምርጫ ውዝግብ ገና ሳይበርድ፣ የክልሉ መቀመጫ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተወሰነ። በዚያ ምርጫ ዶክተር መረራ ፓርላማ ገብተው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547ቱ መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ፤ ምክር ቤቱም ተቃዋሚ አልባ ሆነ ማለት ይቻላል። በመካከሉ በ2001 የወጡት የጸረ ሽብርና የበጎ አድራጎት ማኅበራት አዋጆች ከፓርላማ ውጭ ያለውንም የመናገሪያ ቦታ አጠበቡት።

ከተማዋ በበኩሏ እየሰፋች ነበር። ያኔ ለልማት ከመሬቱ ለሚነሣ ገበሬ የሚከፈለውን የወሰነው አዋጅ 455/1997 ነበር። አዋጁ ገበሬው በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረት ካሣ ያዝ ነበር፤ በተጨማሪም ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721 ደግሞ ያው መሬት የከተማ ሆኖ ሲቆጠር በጨረታ እንዲተላለፍ አደረገ። በጨረታው ዋጋና በካሣው መካከል ያለውን ልዩነት በቡራዩ፣ በሰበታና በሆለታ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ሁሉ በዓይኑ አይቶታል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ላይ የሚመራ የተቀናጀ ማስተር ፕላን መዘጋጀቱ በ2006 ሲሰማ፣ ወሬው በአምቦ መንገድ ለሚኖረው ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነበር። ነገ ተራው የእሱ ነው።

አምቦ ቀድማ ተነሣች። በሚያዝያ 2006 የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ አደባባይ ወጡ፤ ነዋሪውም ተከተላቸው። ሚያዝያ 22 ቀን፣ ረቡዕ፣ የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱ። የሞቱት ሰዎች ቁጥር ላይ መንግሥትና ነዋሪው ፈጽሞ አልተስማሙም። ፕላኑም ሳይሰረዝ ለጊዜው ዝም ተባለ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ተራው የጊንጪ ሆነ። ኅዳር 2 ቀን 2008 የከተማዋ ተማሪዎች የወጡት የኳስ ሜዳቸው ለባለሀብት ሊሰጥ፣ አጠገባቸው ያለው የጭልሞ ደንም ሊመነጠር ነው በሚል ነበር። ጉዳዩ የአንድ ወረዳ ቅሬታ ይመስላል፤ ማስተር ፕላኑ የቀሰቀሰው ስጋት ሲጨመርበት ግን በሳምንታት ውስጥ ተቃውሞው ከወለጋ እስከ ሐረርጌ ተዛመተ። በጥር መጀመሪያ የኦሮሚያ ገዢ ፓርቲ ኦሕዴድ ፕላኑ መሰረዙን አስታወቀ። ገዢው ግንባር ኢሕአዴግ በተቃውሞ ምክንያት ይህን የሚያህል ዕቅድ በአደባባይ ሲተው ማየት እንግዳ ነገር ነበር። ሰዉ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ጥያቄው ከፕላኑ አልፎ የታሰሩትና የሞቱት ጉዳይ ሆኖ ነበርና። በሰኔ 2008 የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ 173 ሰዎች መሞታቸውን ለፓርላማ ሲያቀርብ ሂዩማን ራይትስ ዎች ከ400 በላይ አለ።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ሪዮ ዲ ጄኔሮ። በምዕራብ ሸዋ ጄልዱ የተወለደው ፈይሳ ሌሊሳ የኦሊምፒክ ማራቶንን በሁለተኛነት ሲጨርስ ሁለት እጆቹን በተቃውሞው ምልክት ከራሱ በላይ አጣምሮ መስመሩን አለፈ። ዕለቱ ሕገ መንግሥቱ በሥራ ላይ የዋለበት ሃያ አንደኛ ዓመት መሆኑን ያስታወሰ ሰው እምብዛም አልነበረም። ፈይሳ አገሩ አልተመለሰም፤ ወደ አሜሪካ ሄዶ የሕዝቡን ጉዳይ ለኮንግረስ አባላት አስረዳ።

መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ የኢሬቻ በዓል ወደ ሐዘን ከተለወጠ በኋላ መንግሥት በአንቀጽ 93 መሠረት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። አዋጁ ለስድስት ወር ታውጆ በአራት ወር ተራዘመ። ኅዳር 21 ቀን ዶክተር መረራ ከብራስልስ ሲመለሱ ተያዙ፤ እዚያ በአውሮፓ ፓርላማ ንግግር አድርገው ነበር። በሚያዝያ ኮሚሽኑ ለሁለተኛ ጊዜ ፓርላማ ቀርቦ 669 ሰዎች መሞታቸውን ተናገረ፤ ከእነዚህ 495ቱ በኦሮሚያ ነበሩ።

ሰኔ 20 ቀን 2009 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የተጠቀሰውን ልዩ ጥቅም የሚዘረዝር ረቂቅ አዋጅ አጽድቆ ወደ ፓርላማ ላከ። ሕገ መንግሥቱ በሥራ ላይ ከዋለ ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

ረቂቁ ዘገየ፤ አገሩ አልጠበቀውም። ጥቅምት 16 ቀን 2010 አምቦ ውስጥ ስኳር የጫኑ መኪኖች በሕገ ወጥ መንገድ ሊወጡ ነው ተብሎ ሰዉ መንገድ ሲዘጋ አሥር ሰዎች በጥይት ሞቱ። ጥር 9 ቀን ዶክተር መረራ ተፈቱ። የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ በማግሥቱ ሁለተኛው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የካቲት 23 ቀን ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ አፈ ጉባኤው 346 አባላት ደገፉት አሉ፤ ቁጥሩ ኋላ 395 ተብሎ ታረመ። አዋጁ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልገው እርማቱ ብዙ አነጋገረ። ቁጥሩ ትክክልም ይሁን ስሕተት፣ ሁሉም የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ በሆነ ምክር ቤት 88 ሰዎች እጃቸውን ለተቃውሞ አውጥተዋል። ይህ በራሱ ዘመን መለወጡን የሚናገር ነበር።

መጋቢት 24 ቀን ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሚያዝያ 2 ቀን የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት እንድታከብር የሚጠይቀውን ውሳኔ ቁጥር 128 አሳለፈ። በማግሥቱ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር አምቦ ተገኝተው ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። ፈይሳ ሌሊሳም በጥቅምት 2011 አገሩ ገባ።

ከዚያ ሕጎቹ በተራ ተለወጡ። የበጎ አድራጎት ማኅበራት አዋጅ በ1113/2011፣ የጸረ ሽብር አዋጁ በ1176/2012 ተተካ። ለገበሬው የቀረበው ለውጥ አዋጅ 1161/2011 ነበር፤ የሚፈናቀል ባለ ይዞታ ካሣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተነሥቶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ከአሥር ወደ አሥራ አምስት ከፍ ያለው ቁጥር በአምቦና በጊንጪ ከተጀመረው ተቃውሞ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

ሰላሙ ግን አልጸናም። በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕገ መንግሥት ትርጉም አጽድቆ ሰኔ 3 ቀን 2012 የምክር ቤቶቹን ዘመን አራዘመ። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን፣ በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት በእስር ያሳለፈው የአምቦ ልጅ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። አስከሬኑ ወደ አምቦ ጉዞ ከጀመረ በኋላ ይቀበር አዲስ አበባ ነው ወይስ አምቦ በሚል ውዝግብ ቡራዩ ላይ ተመለሰ፤ በመጨረሻ በሄሊኮፕተር አምቦ ደርሶ ሰኔ 25 ቀን ተቀበረ። ከከተማዋ የሚወጣው መንገድ የማን ነው የሚለው የቆየ ጥያቄ በቀብር ላይ ሳይቀር ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት ምርጫ የዶክተር መረራ ፓርቲ አልተወዳደረም፤ የምዕራብ ሸዋ ገጠርም በትጥቅ ግጭት ውስጥ ገባ።

በ2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በአስተዳደር ወሰናቸው ላይ ተስማሙ። ቡራዩን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ደግሞ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። ሁለቱም ውሳኔዎች የአንቀጽ 49ን ቦታ አይተኩም። ከ2010 ወዲህ ተቃውሞው ያነሣቸው ብዙ ሕጎች ተሻሽለዋል ወይም ተተክተዋል። የነገሩ ሥር የሆነውን ልዩ ጥቅም ሊዘረዝር በሰኔ 2009 ወደ ፓርላማ የተላከው ረቂቅ ግን ሳይጸድቅ ቀርቷል።